እንጨቱን አዙሩት እንጂ አትግፉት

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የእጅ ሥራ ለሚወዱ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር)

ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ፤ ከወሬዬ የተወሰነው ለእነሱ ነውና።

አዘጋጆቹ የዛሬ ወር ገደማ ደውለው «ጋሼ፣ ያንን ቤዝመንት ውስጥ የሚቆርጡትን ነገር መጥተው ቢያስረዱን» ሲሉኝ ደንገጥ ብዬ ነበር። እኔ አናጺ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ዋሽንግተን ታክሲ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መጋዝ የያዝኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ሐኪሜ «ቁጭ ብለህ ዜና ብቻ አትስማ፤ እጅህን አንድ ነገር አስይዘው» ካለኝ በኋላ ነው። ስለዚህ የባለሙያ ትምህርት ከእኔ አትጠብቁ። ብዙ እንጨት ያበላሸ ሰው ምን እንደተማረ ነው የምነግራችሁ።

ርዕሴ ስክሮል ሶው ነው። በመጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሆነ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ስለ ስለቱ፣ ከዚያ እጅ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም እኛ ሐበሾች ምን ብንሠራበት እንደሚያምር። ስለቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ። መሀል ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ይተኛ፦ አትግፉ።

ማሽኑን አይታችሁ የማታውቁ የልብስ ስፌት መኪና አስቡ። በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋውን ሰው አስታውሱ። መርፌው ባለበት ይወጣል ይወርዳል፤ የሚዞረው ጨርቁ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። በመርፌው ፋንታ 5 ኢንች፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ክር የመሰለ የመጋዝ ስለት ከላይና ከታች ተወጥሮ ይወጣል ይወርዳል። እናንተ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታችሁ በሁለት እጃችሁ ታዞሩታላችሁ። የሁለቱ ዝምድና በመልክ ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት ይህ ዓይነቱ መጋዝ ልክ እንደ ስፌት መኪና በእግር እየተረገጠ ነበር የሚሠራው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የስፌት መኪና ጨርቁን ራሱ ይስባል፤ ይኸኛው አይስብም። እንጨቱን የሚያስኬደው የእናንተ እጅ ነው። ጥበቡም ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ሌላው መለያው ስለቱ ከአንድ ጫፍ መፈታቱ ነው። እንጨቱን በትንሽ ትበሱና ስለቱን በቀዳዳው አሳልፋችሁ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ። ከዚያ ጠርዙን ሳትነኩ መሀሉን ብቻ ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ። አዲስ አበባ ያደጋችሁ የፒያሳን የድሮ ቤቶች አስታውሱ። ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር እንደ ዳንቴል ተቀዶ የተንጠለጠለ ጣውላ ነበራቸው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች አሻራ ያለበት ጌጥ ነው። ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲይዘኝ ከሥሩ እጠለልና አንጋጥጬ «ይህን በምን ቀደዱት?» እል ነበር። በቀጭን መጋዝ መሆኑን የተረዳሁት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

አፓርታማ የምትኖሩም ብትሆኑ ተስፋ አትቁረጡ። ድምፁ ከስፌት መኪና ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ እንደ ክብ መጋዝ ጎረቤት አያስነሳም። እንጨቱንም ወርውሮ ደረታችሁን አይመታም። ጣት አይቆርጥም አልላችሁም፤ ይቆርጣል። ግን በርጋታ ስለሚቆርጥ «እህ!» ብላችሁ እጃችሁን ለመሳብ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ጫፉ ልሙጥ የሆነ ስለት መያዝ ይችል እንደሆነ። ርካሾቹ አንዳንዶቹ ጫፉ ላይ መስቀለኛ ፒን ያለበትን ስለት ብቻ ነው የሚይዙት። ፒኑ እንዲያልፍ ደግሞ ትልቅ ቀዳዳ መብሳት ግድ ነው፤ ጥቃቅን ጌጥ መሥራት ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ የሚጨመርና የሚቀነስ ይሁን። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚያውቀው ባለ 20 ኢንቹ ዲዎልት በደቂቃ ከ400 እስከ 1750 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጀማሪ ከግማሽ በታች አድርጎ ነው መጀመር ያለበት። ሦስተኛ፣ ክብደት። የቀለለ ማሽን ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ማሽን እጅን ያደክማል። አዲስ ግዙ ግን አልላችሁም። በዚህ አገር ሰው ማሽኑን ይገዛል፣ አንድ ክረምት ይሞክረዋል፣ ከዚያ አቧራ ይጠጣል። ጋራዥ ሴል ላይ በግማሽ ዋጋ ታገኙታላችሁ። የእኔም የመጣው እንደዚያ ነው፤ ባለቤቱ የተጠቀመበት የስለት ብዛት ሁለት ነበር።

አገር ቤት ለወንድሜ ልላክለት የምትሉ ደግሞ አላችሁ፤ ባለፈው በዓል ሦስት ሰው ጠይቆኛል። እዚህ የሚሸጠው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ አገራችን 220 ነው። እንዲሁ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አብራችሁ ብትልኩም አንድ ነገር ይቀራል፦ የእዚህ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው። ፍጥነቱ በኸርዝ የሚወሰን ሞተር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይዘገያል፤ ትራንስፎርመር ይህን አያስተካክልም። ለዚያ ሰው ለ220 የተሠራውን ብትፈልጉለት ይሻላል።

ማሽኑን እዚህ ላይ ልተወው። ወደ ስለቱ እንሂድ። ስለት ስል የቁልቢ ገብርኤሉን ማለቴ አይደለም፤ ምንም እንኳን አንዳንዱ ጀማሪ ስለቱ ሳይሰበር እንዲጨርስ ስለት ቢሳልም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገራችሁ። እንጨቱን ባስጠጋሁት ቁጥር ይዘላል። ትከሻው እንደሚመታ እስክስታ ወራጅ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። በኃይል ተጭኜ ያዝኩት፤ ስለቱ ተሰበረ። ሌላ አስገባሁ፤ እሱም ተሰበረ። ባለቤቴ ከላይ ሆና «ምነው፣ ሰው እየታገልክ ነው?» ትለኛለች። በመጨረሻ ማሽኑን መኪና ላይ ጭኜ መሣሪያ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው አየው፣ ስለቱን ፈታው፣ ገልብጦ አሰረው፣ «ጨርሻለሁ» አለኝ። ጥርሱ ወደ ላይ ዞሮ ነበር ለካ! የስለቱ ጥርስ ወደ ታችና ወደ እናንተ መመልከት አለበት። ወደ ታች ሲሆን እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ያስተኛዋል፤ ወደ ላይ ሲሆን ያነሳዋል። ዓይናችሁ ካልለየው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ በጥርሱ ላይ ሂዱበት፤ ወደ ላይ ስትሄዱ ከያዛችሁ፣ ትክክል ነው።

ስለት በቁጥር ይሸጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይቀጥናል። ቁጥር 5 ወርዱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀከለኛ ነው፤ ጀማሪ በእሱ ይጀምር። ለ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔልሳቶ ቁጥር 1 ወይም 3 ይበቃል። ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጠንካራ እንጨት ቁጥር 7 ወይም 9 ውሰዱ። ከዚህ ሌላ የጥርሱ አቀማመጥ አለ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ አንዱን ብቻ ያዙ፦ ከታች በኩል ያሉት ጥቂት ጥርሶቹ ወደ ላይ የተገለበጡለት ዓይነት አለ። እሱ የእንጨቱን የታች ገጽ ከመበጣጠስ ያድነዋል። ለኮምፔልሳቶ ከሱ ሌላ አልገዛም። እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ፣ በአራቱም ማዕዘን የሚቆርጥ ስለትም አለ፤ «እንጨቱን ማዞር ሊቀርልኝ ነው» ብሎ ጀማሪ ሁሉ ይገዛዋል። እኔም ገዝቻለሁ። ሻካራ ጠርዝ ይተዋል፤ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። ለጊዜው ተዉት።

ስለቱን ስታስሩ ሁለት ነገር። አዲስ ስለት ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ጫፎቹን በአልኮል ጥረጉት ወይም በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጉት፤ አለበለዚያ ከመያዣው ሾልኮ ይወጣል። ሁለተኛው ውጥረቱ ነው። ከወጠራችሁት በኋላ በጣታችሁ እንደ ክራር ጅማት ምቱት። ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። «ዱብ» ካለ ላልቷል። ጆሮዬ አይለይም ለምትሉ፣ በጣታችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። የላላ ስለት እንጨት ውስጥ ሆዱን ይነፋል። ከላይ ያለው መስመር ልክ ሆኖ ከሥር የተንሻፈፈ ሥራ የሚወጣው ከዚህ ነው፤ ሰው ግን «እጄ ይንቀጠቀጣል» እያለ ራሱን ይወቅሳል።

አሁን ደግሞ ለታክሲ ነጂዎች የምትገባ ነገር አለች። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ መኪናው ወደ ቀኝ ቢስባችሁ ምን ትላላችሁ? አላይመንቱ ተበላሽቷል! አብዛኛው የስክሮል ሶው ስለት አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ነው። ስለቱ ሲሠራ በአንድ ጎኑ ላይ የብረት ፍንጣሪ ይቀራል፤ ያ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይቆርጣል። ስለዚህ እንጨቱን ቀጥ አድርጋችሁ ብታስጠጉት መቁረጫው ወደ ቀኝ ይሸሻል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ወር ከራሴ ጋር ተጣልቻለሁ! መፍትሔው መታገል አይደለም። እንጨቱን በጥቂቱ ዘወር አድርጋችሁ ማስጠጋት ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እጃችሁ ሳታስቡት ያደርገዋል፤ ያን መኪና ስትነዱ እንደለመዳችሁት።

ስለት አትቆጥቡ። እኛ የቆጣቢ ልጆች ነን፤ አባቶቻችን አንድ ምላጭ በብርጭቆ ውስጥ አሽተው ወር የሚላጩ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ግን አይሠራም። ጠንካራ እንጨት ላይ አንድ ስለት ግማሽ ሰዓት ከሠራ ብዙ ሠራ። እንጨቱ ሲጨስ፣ ጠርዙ ሲጠቁር፣ ወይም እጃችሁ ሳያውቅ መግፋት ሲጀምር፣ ስለቱ ሞቷል፤ ቅበሩት። አንድ ደርዘን ስለት ከአንድ ክትፎ ያንሳል። በደነዘ ስለት የምትገፉት ግፊት ግን እንጨቱንም፣ ቀኑንም፣ ትዳሩንም ያበላሻል። አትግፉ።

እጅ ጋ ደረስን።

አቀማመጣችሁ ዋናው ነው። ጠረጴዛው ከክርናችሁ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሚቆርጥ ሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወገቡን እንጂ መስመሩን አያይም። መብራት ከግራም ከቀኝም ይኑራችሁ። በእኔ ዕድሜ ላላችሁ ማጉያ መስታወት የተገጠመለት መብራት አለ፤ አትፈሩት። ጣቶቻችሁ እንጨቱ ላይ በስለቱ ግራና ቀኝ ይረፉ፣ ፊት ለፊቱ ግን አንድም ጣት አይሁን። ዓይናችሁ ስለቱ ላይ አይፍጠጥ። የመኪናችሁን ኮፈን እያያችሁ ትነዳላችሁ? አትነዱም። ከስለቱ ትንሽ ቀደም ያለውን መስመር ተመልከቱ፤ ስለቱ ራሱ ይመጣል።

ከመስመር ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? ደንግጣችሁ ወደ መስመሩ አትዝለሉ። የሚታየው ስህተቱ አይደለም፣ ዝላዩ ነው። በዝግታ፣ ተንሸራታችሁ ተመለሱ። ወረቀቱ ሲነሳ መስመሩ የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እናንተም ትረሱታላችሁ።

ሹል ማዕዘን ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። እስከ ጫፉ ሂዱ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ስለቱ ባለበት እየሠራ እንጨቱን በዙሪያው አዙሩት፣ ከዚያ በአዲሱ አቅጣጫ ቀጥሉ። ሲዞር የስለቱ ጀርባ እንጂ ጥርሱ እንጨቱን እንዳይነካ ወደ ኋላ ጠጋ አድርጉት። ማዕዘኑ ወደ ውጭ የሾለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፦ መስመሩን አልፋችሁ ወደሚጣለው እንጨት ውጡ፣ ክብ ሠርታችሁ ዙሩ፣ በሌላው መስመር ተመለሱ። ታክሲ ነጂ ጠባብ መንገድ ላይ የማይዞር ከሆነ ብሎኩን ዞሮ አይመጣም?

ንድፉን እንጨት ላይ ማጣበቅም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር፤ ወረቀት በቀጥታ በሙጫ የለጠፈ ሰው ሲልጥ ያመሻል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ሰማያዊ ፕላስተር መጀመሪያ እንጨቱ ላይ ለጥፉ፤ ወረቀቱን በእሱ ላይ አጣብቁ፤ ከላይ ደግሞ ግልጽ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ድረቡበት። ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ላይ ተልጦ ይነሳል። ያ የላይኛው ፕላስተር ሌላም ጥቅም አለው፤ ስለቱን ያለሰልሰዋል፣ እንጨቱም አይቃጠልም። የቼሪ እንጨት የቆረጣችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ያለ ፕላስተር ጠርዙ እንደ ከሰል ነው የሚጠቁረው።

ውስጥ ውስጡን ስትቆርጡ ቀዳዳውን በ1.5 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሱ፤ የምትበሱት ከሚጣለው ክፍል ላይ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። ከታች የተነሳውን ስንጥር በብርጭቆ ወረቀት አጥፉ፤ አለበለዚያ እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ትንንሾቹን መጀመሪያ፣ ትልልቆቹን በኋላ፣ የውጩን ጠርዝ መጨረሻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መስኮቱ በበዛ ቁጥር እንጨቱ ይደክማል፤ ጥቃቅኑ ሥራ ጉልበት ያለው እንጨት ይፈልጋል።

ስለ እንጨቱ በአጭሩ። ጥድ ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል ብለው ይነግሯችኋል። አትመኑ። በውስጡ አንዱ ቀለበት ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ ነው፤ ስለቱ ለስላሳውን እየፈለገ ይሸሻል። ባስዉድ ወይም ጥሩ የበርች ኮምፔልሳቶ ይሻላል። የዋንዛን ቀለም የምትናፍቁ ዋልነት ሞክሩ፤ ዋንዛ አይደለም፤ ግን ጨለም ያለ ውበት አለው። ነፃ እንጨት የምትፈልጉ ደግሞ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ማፍረስ ትወዳላችሁ፤ እኔም እወዳለሁ። ማኅተሙን ግን አንብቡ። «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነው፤ ባለበት ተዉት። ከ2004 በፊት የተሠራ የጓሮ ዴክ እንጨትም ብዙውን ጊዜ አርሴኒክ አለበት፤ እሱን መቁረጥ የለም። መልካሙም እንጨት ቢሆን ብናኙ ለሳንባ አይሆንም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። በኮሮና ጊዜ የገዛችሁት ኤን95 ማስክ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ ሥራ ተገኘለት።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ፤ ምን እንሥራ?

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት የላሊበላን መስቀል የመሰለ መስቀል ነው። የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበርና ለስጦታ አሰብኩት። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በዋዜማው ማታ ብርጭቆ ወረቀት ሳሻሸው አንዱ ክንድ «ቀጭ!» ብሎ ተሰበረ። የተሰበረበት ምክንያት ኋላ ላይ ገባኝ። እንጨት ሲፈለጥ የሚከተለው መንገድ አለው፤ ክሩ እንበለው። የመስቀሉ ቁመት ክሩን ተከትሎ ቆሟል፤ ክንዱ ግን ክሩን አቋርጦ ወጥቷል፤ በዚያ ላይ እኔ በጌጥ ወንፊት አድርጌዋለሁ። ክሩን ያቋረጠ ቀጭን እንጨት ብስኩት ነው። ሁለት ስስ ጣውላ ክራቸውን አቆላልፎ በማጣበቅ ወይም ኮምፔልሳቶ በመጠቀም ይዳናል፤ ኮምፔልሳቶ ራሱ የተሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ለክርስትናው ገንዘብ በፖስታ አደረግኩ።

ሁለተኛው ሥራ ረከቦት ነው። የረከቦቱን ጎንና ጎን የሚሸፍነውን ጣውላ እንደ ፒያሳ ቤቶች ክፈፍ ዳንቴል አድርጋችሁ ቁረጡት። አራቱ ጎን አንድ ዓይነት ስለሆነ አራቴ አትድከሙ። አራት 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔልሳቶ ደርባችሁ በፕላስተር አንድ ላይ እሰሩና አንዴ ቁረጡት፤ አራቱም መንትያ ሆነው ይወጣሉ። ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ዕቃ ይሠራ የነበረው አንድሬ ሻርል ቡል የኤሊ ቅርፊትና ናስ ደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቆርጥ ነበር፤ ከዚያ የአንዱን ቅርጽ በሌላው ክፍተት ይገጥመዋል። ከአንድ ቁርጥ ሁለት ዕቃ ያወጣል፤ የአንዱ ጥላ የሌላው ብርሃን ሆኖ። ስሙ እስከ ዛሬ የዚያ ሥራ መጠሪያ ነው። እኛ ግን ረከቦት ላይ ነን፤ ረከቦት ውኃ ያገኘዋል፤ ሲኒ ይታጠብበታል፣ ቡና ይፈስበታል። ሙጫው ውኃ የማይፈታው መሆን አለበት፤ ታይትቦንድ 3 የሚባለውን ፈልጉ። ላዩንም ቫርኒሽ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፤ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው።

ሦስተኛው የልጆቹ ነው። እስቲ ልጆች፣ ፊደል ስንት ነው? ... አዎ፣ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። የልጅ ልጄ ሀ ሁን በስልክ ላይ አልማር ስትለኝ 33ቱን የመጀመሪያ ቤት (ግዕዝ) ፊደላት ቆርጬ ገጣጥሚ ብዬ ሰጠኋት። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሬ ጂግሶ ፓዝል የምንለው ጨዋታ የተጀመረው በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው፤ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆረጠው፤ ልጆች እየገጣጠሙ መልክዓ ምድር እንዲማሩ። ጨዋታው ከመሠረቱ ትምህርት ቤት ነበር።

ፊደል ስትቆርጡ የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። ለ፣ ሐ፣ ሰ፣ በ እግራቸው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ የእንጨቱን ክር ከላይ ወደ ታች አድርጋችሁ ንደፉ፤ እግራቸው አይሰበርም። መ፣ ወ፣ ቀ፣ ዐ ውስጣቸው የተዘጋ ዓይን አላቸው፤ ዓይናቸውን በትራፓኖ በስታችሁ ከውስጥ ጀምሩ። የሚያስለቅሱት ኃምሶቹ ናቸው። ሌ፣ ቤ፣ ሴ እግራቸው ሥር ያቺ ትንሽ ቀለበት አለችባቸው። ቀለበቷን ከልክ በላይ አሳንሳችሁ አትንደፉ፤ ወፈር አድርጉላት። ፊደል ጻፊዎች ይቅር ይበሉኝ፣ ለልጅ እጅ ወፍራም ሌ ከተሰበረ ሌ ይሻላል።

ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ። የዚህ አገር ሕግ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን መጫወቻ 1.25 ኢንች ወርድ ባለው የሙከራ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ እንዳይኖረው ይከለክላል፤ ይታነቃሉና። የቤት መለኪያችሁ የሶፍት ወረቀት ጥቅል ካርቶን ይሁን፤ ከዚያ ትንሽ ሰፋ ያለ ስለሆነ በእሱ የማያልፍ ሁሉ ደህና ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ልጅ ያገኘውን ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ከፋርማሲ የሚገዛ የማዕድን ዘይት ከንብ ሰም ጋር አሙቃችሁ አሹት፤ ሽታውም የጧፍ ሽታ ነው፤ አገር ቤትን ያስታውሳችኋል።

ወሬው ይበቃል። ማሽኑ እዚያ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ታስሯል፤ ቁጥር 5 ስለት ገብቶለታል፤ ጥርሱ ወደ ታች ነው፤ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ባስዉድ ላይ አንድ ሀ ነድፌ አዘጋጅቻለሁ፤ የመጀመሪያው ሞካሪ እሱን ይቁረጥ። ነጠላ ያደረጋችሁ እህቶች ነጠላውን ወንበሩ ላይ ተዉት፤ ክራባት ያሰራችሁ ወንድሞችም እንደዚያው። ጸጉር ወደ ኋላ ይታሰር። ልጆች ከወላጅ ጋር፣ አንድ በአንድ። ያንን መነጽር አቀብለኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ። አመሰግናለሁ። ማን ይጀምራል?